ተሸክመው ያስገቡት አልገባም

«አይ፣ መወጣጫው ይቅር። እህቴን ትኩሳት ይዟታል፤ አትመጣም። አዎ… እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ዋሉ።»

ታላቅ እህቷ ሙሪየል በወጥ ቤቱ ስልክ ይህን ስትል ሎርና ታንዝሊ የሰማችው አልጋዋ ላይ በጀርባዋ እንደተንጋለለች ነው። የምትተኛበት ክፍል ድሮ የቤቱ ሰው ምግብ የሚበላበት ነበር። ደረጃ መውጣት ስለማትችል ትልቁ ጠረጴዛ ተሸጠና በቦታው አልጋ ገባ። ከወጥ ቤቱ የሚለየውም ሙሉ ግድግዳ አይደለም። ምግብ የሚቀበልበት መስኮት ነበረ፤ እሱን በስስ ጣውላ ደፍነው ቀለም ቀቡት። ሙሪየል መስኮት መኖሩን እንኳ ከረሳች ቆይታለች። ሎርና ግን በዚያ ጣውላ በኩል የማንቆርቆሪያውን ፉጨት፣ የሬዲዮኑን የአየር ትንበያና የእህቷን ሳል እየሰማች ነው ያረጀችው። እጇን አንስታ ግንባሯን ዳበሰች። ቀዝቃዛ ነው። ትኩሳት የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

መጮህ ትችል ነበር። ጉሮሮዋ ደህና ነው፤ ከወገቧ በላይ ሁሉም ደህና ነው። ነገር ግን አልጋ ላይ የተኛ ሰው የሚያነሳውን ሰው ከተጣላ የሚውለው ጣሪያ ሲያይ ነው። አንድ ጊዜ ደርሶባታል። በማይረባ ነገር፣ በመጋረጃ ቀለም ተጣልተው ሙሪየል በሩን ዘግታ ወደ ገበያ ሄደችና እስክትመለስ ድረስ ሎርና በራሷ ሽንት ላይ ተኝታ ቆየች። ሁለቱም ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስተው አያውቁም። ስለዚህ ሎርና ንዴቷን ዋጠችው። መጀመሪያ መልበስ አለባት፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ መቀመጥ፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ መግባት። ንዴት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቀኑ የኦርስቢ ገበያ የመኸር ቀን ነው፣ ቅጠል የሚረግፍበት ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ። ኦርስቢ የተወለዱባት ትንሽ የገበያ ከተማ ናት፤ አሁን ከሚኖሩበት ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ሎርና ለዚህ ቀን ስትዘጋጅ የከረመችው ከበጋ ማብቂያ ጀምሮ ነው። ከሁለት እግር ይልቅ በአራት ጎማ የሚሄድ ሰው ወደ ኦርስቢ ልሂድ ሲል አንድ አገር እንደ መውረር ያህል ያስባል። መኪናው የት ይቆማል? ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ። በየት በኩል ይታለፋል? አደባባዩ ያረጀ ኮብልስቶን ነው፤ ጎማ ይነክሳል፤ በፋርማሲው በኩል ግን ለስላሳ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ መንገድ አለ። ሻይ የት ይጠጣል? በሯ ሰፊ የሆነ አንዲት ሻይ ቤት ብቻ አለች። መጸዳጃውስ? የአገሩን የአካል ጉዳተኛ መጸዳጃ ሁሉ የሚከፍተው ትልቁ ቁልፍ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ሁሉ በየምሽቱ ጮክ ብላ ስታወራ ሙሪየል ሹራቧን እየሠራች «እሺ፣ በፋርማሲው በኩል» ትል ነበር።

ዋናው ነገር ግን ቅቤ ተራ ነው። ቅቤ ተራ በአደባባዩ መሃል በድንጋይ ምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ጣሪያ ነው፤ ድሮ የገጠር ሴቶች ቅቤና እንቁላል ይሸጡበት ነበር። በዚህ ቀን፣ ልክ ቀትር ሲሆን፣ አዋጅ ነጋሪው ከጣሪያው ሥር ቆሞ በዓመቱ ውስጥ የሞቱትን የኦርስቢ ሰዎች በስማቸው ይጠራል። እያንዳንዱን ስም ጠርቶ «ቤቱ አለ?» ይላል። ከሟቹ ወገን አንድ ሰው ከጣሪያው ሥር ሆኖ «አለ» ካለ ስሙ በጣሪያው ተሸካሚ እንጨት ላይ ይቀረጻል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መልስ ከጠፋ «ቤቱ ተዘግቷል» ይባላል፤ ያ ስም አይቀረጽም፣ ደግሞም አይጠራም። የእናትና የአባታቸው ስም እዚያ እንጨት ላይ ጎን ለጎን አለ። ዘንድሮ የሚጠራው የወንድማቸው የክሊፎርድ ነው። በጸደይ ወር፣ ከኮርቻ ሠሪው ሱቅ በላይ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ሞቶ ተገኘ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለው ሁለት እህት ነው፤ ከሁለቱ አንዷ ደግሞ ስሙን ካነሳች ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

ሎርና በሃያ አራት ዓመቷ ከጭፈራ ስትመለስ መኪናውን የሚነዳው ክሊፎርድ ነበር። ቢራ ጠጥቶ ነበር። እሱ ቅንድቡ ላይ ተጭሮ ወጣ፤ እሷ እንደዚህ ሆና ወጣች።

«ተነሳሽ?» አለች ሙሪየል ሻይ ይዛ እየገባች። የየዕለት ቀልዳቸው ነው።

«እስክታነሺኝ እየጠበቅሁ ነው» አለች ሎርና፤ የሷም መልስ የየዕለት ነው። ድምጿ እንዳይለወጥ ሻዩን ቶሎ ፉት አለች፤ ምላሷን ፈጃት።

ሙሪየል በስድስት ዓመት ትበልጣለች። ሰፊ ትከሻና ቀይ ክንድ አላት፤ እነዚህን ክንዶች ያወፈራቸው ሎርናን ማንሳት ነው። አጠበቻት፣ ካልሲ አለበሰቻት፣ ያንን ሰማያዊ ካፖርት አመጣች፣ ፀጉሯንም አበጠረችላት፤ ዛሬ ከሌላው ቀን በተለየ ቀስ እያለች። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ሎርና እጆቿን በአንገቷ ዙሪያ አቆላለፈች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ከአልጋው ወደ ወንበሩ ባለው ክፍተት ላይ ሎርና ለአንድ አፍታ በአየር ላይ ትሆናለች፣ ጉንጯ ከእህቷ ጉንጭ ጋር ተጣብቆ። ሁለቱ ከዚህ ሌላ ተቃቅፈው አያውቁም። የሳሙናዋን ሽታ ማገች። «ይህች ሴት ዋሽታብኛለች» አለች በልቧ፤ ግን አንገቷን ለቀቅ አላደረገችም፣ ብትለቅ ትወድቃለችና።

መኪናው ውስጥ ገብተው መንገዱን ያዙ። ሙሪየል እንደ ልማዷ ዋናውን መንገድ ትታ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞረች። ዋናው መንገድ ያጥራል፤ ግን በእሱ ላይ ያ መታጠፊያ አለ፣ ቦዩና የዛፉ ጉቶ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በዚያ ነድታ አታውቅም፤ ለምን እንደሆነም ተናግራ አታውቅም። በመንገድ ላይ ቤንዚን ለመቅዳት ቆሙ። ሙሪየል ለመክፈል ስትገባ ሎርና ስልኳን ከጉያዋ አወጣችና ለቅቤ ተራ ጠባቂ ለፔግ ደወለችላት። ፔግ እናታቸውን የምታውቅ አሮጊት ናት፤ ስልክ ስታነሳ እንደ ሰማይ ነጎድጓድ ነው የምትጮኸው።

«ሎርና? አንቺ በትኩሳት ተይዘሻል ተብሎ!»

«ድኛለሁ፣ እሜቴ። እየመጣሁ ነው። መወጣጫውን አውጡልኝ።»

«ውይ ልጄ! እስር ቤት መልሼ ከተትኩት እኮ! ቁልፉን እረኛው ዴኒስ ይዞት ወደ በጎቹ በረት ወርዷል። በወንዝ ዳር ነው ያለው፣ ስልኩንም አያነሳም፤ ያ ሰው ከበግ ጋር ሲሆን ራሱም በግ ነው።»

«ሰው ይላኩበት፣ እባክዎ። ሙሪየል እንዳትሰማ።»

ፔግ ጮክ ብላ የምታወራ ሴት ትሁን እንጂ ሞኝ አይደለችም። «ገባኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ገባኝ፣ ልጄ። አንቺ ብቻ ቶሎ ድረሺ።»

ሙሪየል ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች። «ሥልሳ ፓውንድ! መኪና ነው ወይስ ግመል ነው የማጠጣው?» አለች። ሎርና ሳቀች። ሳቋ ከልቧ መምጣቱ እሷን ራሷን ገረማት።

መወጣጫው ሁለት ረጃጅም የብረት ሳንቃ ነው። ወደ ቅቤ ተራ የሚያስገቡ ሦስት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ፤ ሳንቃዎቹ በላያቸው ላይ ሲጋደሙ ጎማ ይወጣል። የሚቀመጡት በከተማዋ አሮጌ እስር ቤት ውስጥ ነው። እሱም አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያው እንደ ባርኔጣ የሾለ የድንጋይ ጎጆ ነው፤ የመጨረሻዋ እስረኛ የቄሱን አትክልት የበላች ዝይ ነበረች ይባላል። እነዚህ ሳንቃዎች እንዲሠሩ ኦርስቢ አንድ ክረምት ሙሉ ተጨቃጭቃለች። ገንዘብ አልነበረም ያጨቃጨቃት። ከድሮ ጀምሮ ሬሳ ወደ መቃብር ሲሄድ የሚያርፈው ቅቤ ተራ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ ጣሪያ ሥር ተሸክመው የሚያስገቡት ሙት ብቻ ነው፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ግን በራሱ መግባት አለበት። «ተሸክመው ያስገቡት አልገባም» ይላሉ። ታዲያ ጎማ እግር ነው ወይስ ሸክም? ክረምቱን ሙሉ በየመጠጥ ቤቱ ከተፋጁ በኋላ፣ ሰውየው በራሱ እጅ እስከገፋው ድረስ ጎማ እግር ነው ተባለ። ሙሪየል የኦርስቢ ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። መወጣጫውን ባስቀረች ጊዜ ምን እንዳስቀረች ታውቅ ነበር። እሷ «አትግቢ» አትልም። ደረጃው ይልላታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ መኪናውን አቁመው በፋርማሲው በኩል ወደ አደባባዩ ወጡ። ገበያው ሞልቷል። ሙሪየል ወንበሩን የምትገፋው እንደ ጎብኚ ነው፤ የማትወደውን ሁሉ እየወደደች። የልብስ ቁልፍ ብቻ የሚሸጠው ሱቅ ፊት ቆመች፤ «እይ፣ የዝሆን ጥርስ ቁልፍ!» አለች። በሩ እስከ ሰው ደረት ብቻ የሆነው መጠጥ ቤት ፊት ቆመች። ዳክዬዎቹ ከኩሬው ወጥተው በሰልፍ ሲያልፉ መንገድ መልቀቅ የከተማው ሕግ ነውና እነሱንም ቆማ አሳለፈች፤ የመጨረሻዋ ዳክዬ ተመልሳ ስትዞር ደግሞ ጠበቀቻት። ሎርና ሰዓቱን ታያለች። የኦርስቢ የአደባባይ ሰዓት አንድ ጠቋሚ ብቻ ነው ያለው፤ ሰዓቱን ይናገራል፣ ደቂቃ አይቆጥርም። ያ ጠቋሚ ወደ ላይ ሊያቀና ጥቂት ቀርቶታል። ጥቂቱ ምን ያህል እንደሆነ በኦርስቢ ማንም አያውቅም።

«የዘቢብ ዳቦ እንግዛ» አለች ሎርና።

ሙሪየል እጇ ወንበሩ ላይ ቀጥ አለ። ክሊፎርድ በየገናው የዘቢብ ዳቦ በቡናማ ወረቀት ጠቅልሎ ያለ አንድ ቃል ይልክ ነበር። ሙሪየል ሳትፈታው ለጎረቤት ትሰጠዋለች፤ ሎርና ግን የቅመሙን ሽታ ሁልጊዜ በኮሪደሩ ውስጥ ታገኘው ነበር።

«ሰልፉ እስከ ምንጩ ደርሷል» አለች ሙሪየል።

«ምን ቸገረን? ሌላ ምን ጉዳይ አለን?»

ሙሪየል እህቷን ከላይ ትክ ብላ አየቻት። ሰልፍ ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ ደግሞ እንዲበላላት የምትፈልገው እሷ ናት። ወንበሩን ከአሮጌው የፈረስ ማሰሪያ አጠገብ አስጠግታ ፍሬኑን ረገጠችና «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ» ብላ ወደ ሰልፉ ሄደች። እያንዳንዷ ሌላዋን ያታለለች መሰላት።

ሎርና ፍሬኑን ፈታች። በኮብልስቶኑ ላይ ለብቻ መሄድ በባዶ ገበታ ላይ አተር እንደ መንዳት ነው፤ የፊት ጎማዎቹ በየስንጥቁ ይገባሉ፣ ጥርስ ይንገጫገጫል። ሰዎች ዞር ይሉላታል፤ አንዳንዱ «ልግፋሽ?» ይላታል፤ እሷ «አይ» እያለች ትገፋለች። ቅቤ ተራ ስትደርስ መዳፏ ተልጦ ነበር። ፔግ ከደረጃው ሥር ቆማ እጇን ታፋጫለች።

«ሰው ልኬያለሁ» አለች። «የአይቡን ሻጭ ነው የላኩት፤ ሯጭ ነው። እስካሁን ግን የለም።»

ከጣሪያው ሥር አዋጅ ነጋሪው ሚስተር ሃድል ቀይ ካባውንና ባለ ላባ ባርኔጣውን አድርጎ ቆሟል። በሌላው ቀን ሥጋ ሻጭ ነው፤ ዛሬ ግን እናቱ ብትመጣ እንኳ በስሟ አይጠራትም። አንገቱን ቀና አድርጎ ጠቋሚውን ተመለከተ። ከዚያ ደወሉን ደወለ፤ አደባባዩ ዝም አለ፤ ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ።

«በፊደል ተራ ነው የሚጠራው» አለች ፔግ በሹክሹክታ። «ታንዝሊ ወደ መጨረሻው ነው። ይደርሳል፣ አይዞሽ።»

«አርተር ቤልቻም! ቤቱ አለ?» «አለ!» አለ አንድ ጎልማሳ ከጣሪያው ሥር። «ሃና ክሮው! ቤቱ አለ?» «አለ» አለች አንዲት ልጅ እያለቀሰች። ከእንስሳ ተራ የመጡ ሁለት ግዙፍ ሰዎች ወደ ሎርና ተጠግተው ነበር። አንደኛው «እታለም፣ ከነወንበርሽ አንስተን እንወርውርሽ እንዴ? ከጥጃ አትከብጂም» አለ። ፔግ በክርኗ ጎሸመችው። «አንተ የት አገር ሰው ነህ? ተሸክመው ያስገቡት አልገባም!» ሰውየው አፍሮ ቆቡን አሻሸ። በዚህ መሃል የሚስ ኤዲት ላምሊ ስም ተጠራ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከምሰሶዎቹ መካከል እርግብ ብቻ ተነሳች። ሚስተር ሃድል ደወሉን አፉን ወደ ታች አድርጎ ድንጋዩ ላይ ደፋው፤ «ቤቱ ተዘግቷል» አለ። ሚስ ላምሊ አርባ ዓመት ያስተማረች ሴት ነበረች። ከሕዝቡ ግማሹ ማንበብ የተማረው ከሷ ነው። ግን ወገን አልነበራትም፤ ማንም ምንም ማድረግ አልቻለም።

ሎርና ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ አየች። ማንም የለም።

«ክሊፎርድ ታንዝሊ! ቤቱ አለ?»

«አለ!» ብላ ጮኸች ከደረጃው ሥር።

ሚስተር ሃድል ዞሮ አያት። ከክሊፎርድ ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ከጣሪያው ውጭ ያለ ድምፅ ድምፅ አይደለም። ነገር ግን ወዲያው ሁለተኛውን አልጠራም። መነጽሩን አወለቀና በካባው ጫፍ ይወለውለው ጀመር። አንዱን ብርጭቆ ወለወለ፣ ወደ ብርሃን አነሳው፣ ደግሞ ወለወለው። አደባባዩ ሁሉ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባው፤ ማንም አልሳቀም። መነጽር ተወልውሎ አያልቅ ነገር፣ አለቀ። «ክሊፎርድ ታንዝሊ! ቤቱ አለ?» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ።

ሎርና ፍሬኑን ያዘች። የወንበሩን ክንዶች ተደግፋ ራሷን ወደ ፊት ገፋች፤ በደረጃው ላይ በደረቷ ወደቀች። ፔግ «የሱስ!» አለች፤ ግን አልነካቻትም፤ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ድንጋዩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፤ የተረገጠ ጎመን ተጣብቆበታል። ክርኖቿን ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተከለችና ጎተተች። እግሮቿ ከኋላዋ እንደ እርጥብ ማቅ ተከተሏት፤ አንዱ ጫማዋ ወለቀ፤ ሰማያዊው ካፖርት ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ የውስጥ ልብሷ በአደባባዩ ፊት እንደታየ አወቀች። ግድ አልሰጣትም። ሚስተር ሃድል ዞሮ ከማሰሮው ውሃ ቀዳ፤ ትንሽ ትንሽ እያደረገ ጠጣ። ሰዎች ፊታቸውን መለሱ፤ አንዳንዶቹ መሬት መሬት አዩ። ሦስተኛው ደረጃ። ጣቶቿ የቅቤ ተራን ወለል ያዙ፤ በዘመናት ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ ነው። ግንባሯ ከጣሪያው ጥላ ውስጥ ገባ። አንድ ጉተታ ብቻ፣ ትከሻዋ ከገባ በቃ።

«ክሊፎርድ ታንዝሊ!» አለ ሚስተር ሃድል፤ አሁን እንባው ይታያል። «ቤቱ አለ?»

ሎርና ትንፋሿን ሰበሰበች። አፏን ከፈተች። በዚያች ቅጽበት ከኋላዋ ሁለት ወፍራም ክንዶች በብብቷ ሥር ገቡና ከድንጋዩ ላይ ነቀሏት። የሳሙናው ሽታ መጣ። መሬቱ ራቀ። በአየር ላይ ሆነች፤ ጉንጯ ከእህቷ ጉንጭ ጋር ተጣብቆ፣ እግሮቿ እየተንጠለጠሉ፤ ሙሪየል እሷን እንዳቀፈች በአንድ እርምጃ ከጣሪያው ሥር ገባች።

«አለ» አለች ሎርና።

ሁሉም ሰው ሰማት። ሚስተር ሃድል የተንጠለጠሉትን እግሮች አየ፤ አንዱ በካልሲ ብቻ ነው። ሕዝቡን አየ። ሕዝቡም እግሮቹን አየ። ከዚያ ሙሪየልን አየ፤ እሷም መልስ መስጠት ትችል ነበር፤ በሁለት እግሯ ቆማለች፣ ከጣሪያው ሥር ነች፣ የሟቹም እህት ናት። የጠበቃት ይመስላል። ሙሪየል ከንፈሯን አልከፈተችም። አዋጅ ነጋሪው ደወሉን ድንጋዩ ላይ ቀስ አድርጎ ደፋው።

«ቤቱ ተዘግቷል።»

ከሕዝቡ ዳር ላብ ያጠመቃቸው ዴኒስና የአይቡ ሻጭ ሁለቱን የብረት ሳንቃ በትከሻቸው ተሸክመው ቆመው ነበር። ማንም ወደ እነሱ ዞር አላለም። የሚቀጥለው ስም ተጠራ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሪየል በወፍጮ ቤቱ በኩል አልዞረችም። ዋናውን መንገድ ያዘች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን አልቀነሰችም፤ ቦዩ አለፈ፣ ጉቶው አለፈ፤ እሷ ስለ ዝናቡ አወራች። ሎርና በመስኮቱ በኩል ጉቶው ከኋላ እስኪጠፋ ድረስ አየችው።

ማታ ሙሪየል በሳህን ሞቅ ያለ ውሃ ይዛ መጥታ ተንበረከከች። የሎርና ጉልበቶች ተልጠዋል፤ ጠጠር ገብቶባቸዋል። በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ እያወጣች ሳህኑ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች። የዘቢብ ዳቦው ተቆርጦ፣ ቅቤ ተቀብቶ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ማንም አልነካውም።

«ያማል?» አለች ሙሪየል፤ ከዚያ ያለችውን ሰምታ ቀና አለች። እነዚህ ጉልበቶች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም ተሰምቷቸው አያውቅም።



«ወድቀሽ መስሎኝ ነው» አለች ሙሪየል ወደ ሳህኑ። «ከሰልፉ ዞር ስል መሬት ላይ አየሁሽ። ምን ላድርግ? ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ? ማንሳት ነው የማውቀው።»

«ስወድቅ ሁልጊዜ ስሜን ትጠሪያለሽ» አለች ሎርና። «መታጠቢያ ቤት ስወድቅ ‹ሎርና!› ብለሽ ነው ከላይ የምትወርጂው። በበረዶው ጊዜ ስወድቅ ጎረቤት እስኪወጣ ጮኸሻል። ዛሬ አልጠራሽኝም፤ ድምፅሽን አጥፍተሽ ነው የመጣሽው።»

ሙሪየል ጨርቁን ጨመቀች። ውሃው ፈሶ አለቀ፤ እሷ ግን መጭመቋን አላቆመችም።

«እሱ የነዳው አንድ ምሽት ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔ በየቀኑ ነው የማነሳሽ። አንቺ ይቅር ብለሽ ትተኛለሽ። ማን ነው የሚያስተኛሽ?»

ከዚያ ተነሳች፤ ሳህኑን ወደ ወጥ ቤት ወሰደች፤ በጣውላው በኩል የውሃው ድምፅ ተሰማ። ስትመለስ ምሽቱ ገና ነበር፤ ግን አልጋውን ገልጣ ጎንበስ አለች። ሎርና እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳጣመረች ቀረች። ሙሪየል እንደጎነበሰች ጠበቀች። የወገቧ አጥንት ሲንቋቋ ተሰማ፤ ስልሳ ዓመት አልፏታል። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰዓት ሁለት ጠቋሚ አለው፤ ደቂቃውንም ይቆጥራል። ሎርና ሌላ ምን ማድረግ ትችል ነበር? እጆቿን አነሳች፤ በእህቷ አንገት ዙሪያ አቆላለፈቻቸው።

«አንድ፣ ሁለት…» አለች ሙሪየል፤ ሦስተኛውን አላለችም።

በወንበሩና በአልጋው መካከል፣ በአየር ላይ፣ ሎርና አፏን ከእህቷ ጆሮ ጋር አስጠጋች።

«አለ» አለች።

ሙሪየል ቆመች። ሎርና ከጉንጯ ሥር የእህቷ መንጋጋ ሲጠብቅ ተሰማት። ግን አልጣለቻትም። ቀስ አድርጋ አስተኛቻት፤ እግሮቿን አስተካከለችላት፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። ከዚያ መብራቱን አጥፍታ ወጣች። በሩን ሌሊት ሎርና ብትጣራ ይሰማት ዘንድ ሁልጊዜ ገርበብ ነበር የምታደርገው። ዛሬ ዘጋችው።